ከባይፓስ 7 ዓመት በኋላ ሽሮ እምቢ አለኝ

ሽሮ ናፋቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባይፓስ 7 ዓመት)

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ እያነበብኩ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነበርኩ። አሁን ግን ነገሩ ከአቅሜ በላይ ሆነና ጻፍኩ።

ባይፓስ፣ ክብደት ለመቀነስ ጨጓራ አሳንሶ አንጀት የሚያዞረውን ኦፕራሲዮን፣ ከተሠራሁ 7 ዓመት አለፈኝ። 118 ኪሎ ነበርኩ፣ 70 ገባሁ፣ አሁን 76 ላይ ነኝ። ስኳሬ ጠፋ፣ የግፊት መድኃኒቴን አቆምኩ። አልጸጸትም፣ ይሄ ይታወቅልኝ። የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ አንድ ጉርሻ ከበዛ ወደ ላይ ነው። ከዚያ ለመድኩት። ለ4 ዓመት ያህል መጠኑን እያሳነስኩ ሁሉንም በላሁ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ክትፎ፣ ማኪያቶ፣ ምንም አይቀረኝም ነበር።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሆዴ የሌላ ሰው ሆነ። ሽሮ ከበላሁ ሰዓት ሳይሞላ ከበሮ ይሆናል። ጠዋት የገባልኝ ቀሚስ ማታ ዚፑ አይዘጋም። የጋዙን ነገር ባላወራ ይሻላል፣ ብቻዬን መኖሬ በጀኝ። ማኪያቶ ከጠጣሁ ደግሞ ሽንት ቤቱ የት እንዳለ ሳላጣራ አንድ እርምጃ አልንቀሳቀስም።

ያስፈራኝ ግን ይሄ አይደለም። ባለፈው ወር ማኅበር ነበርን። ጾም ነውና በማር የተበጠበጠ በሶ ቀረበ። አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ቶና ላይ ስንደርስ፣ በሶውን ከጠጣሁ ሁለት ሰዓት ግድም ይሆነኛል፣ የያዝኩት ሲኒ ሰሃኑን መደብደብ ጀመረ። ትንሽ ቆይቼ ነው የሚንቀጠቀጠው እጄ መሆኑ የገባኝ። ላብ አጠመቀኝ። የሰው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆነብኝ። አንዷ «ዓይን ነው፣ ከስታ አምሮባት የለ!» አለች። ሌላዋ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችኝ፣ ወዲያው ተመለስኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ደገመኝ።

የቤተሰብ ሐኪሜ «ጨጓራ ነው» ብላ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ጻፈችልኝ። ኦፕራሲዮኑን የሠራው ክሊኒክ ስደውል ከ5 ዓመት በላይ ስለሆነ ፋይሌ ተዘግቷል፣ እንደ አዲስ ሪፈር ያስፈልጋል አሉኝ። ከ7 ዓመት በኋላ እንዲህ የሆነ ሰው አለ? ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?


የጅዳ ሰው (ጅዳ፣ ስሊቭ 5 ዓመት)

አብሽሪ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። የእኔ ስሊቭ ነው፣ አንጀት ማዞር የለውም። ከጨጓራዬ ሩብ ያህሉን ብቻ ትተው ሌላውን ቆርጠው አወጡት። የእኔ መዘዝ ቃር ሆነ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አሲዱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ይቀሰቅሰኛል። ሦስት ትራስ ደርቤ ነው የምተኛው። ሚስቴ «አልጋው ላይ ነው ወንበር ላይ የተኛኸው?» ትለኛለች።

የዳቦን ነገር ደግሞ ጠይቁኝ። ለስላሳ ትኩስ ዳቦ ከበላሁ ደረቴ ላይ ይቆማል፣ አይወርድም አይወጣም። ከዚያ አፌ ነጭ አረፋ ይሞላል። ረመዳን ላይ መጀመሪያ በቴምር አፈጥራለሁ፣ አንድ ፍሬ፣ ሦስት አይደለም። ሾርባው ትንሽ ቆይቶ፣ ሳምቡሳው ከሾርባው በኋላ ትንሽ ቆይቶ። ውሃ ከምግብ ጋር አላገናኝም። ቤተሰቡ በልቶ ሲያበቃ እኔ ገና ሳምቡሳዬን እያየሁ ነኝ።


እውነቱ ይነገር

ይቅርታ ግን ደግ ነገር አልጽፍም። አባቶቻችን በጾም በጸሎት ኖሩ፣ ማንም ሆዱን አልቆረጠም። የተፈጥሮን ነገር ስትነኩ ተፈጥሮም ይነካችኋል።


ባለ ምጣድ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ስኳር በሽታ ቤትህ ገብቶ የሰው እግር ሲያስቆርጥ አላየህም ማለት ነው። እግዜር አያሳይህ። እዚህ የተሰበሰበው ሰው ሽሮ እንዴት እንደሚበላ እየተመካከረ ነው። ሽሮ የምታውቅ ከሆነ እርዳን፣ አለዚያ እለፈን።


ሌሊት ፈረቃ (ሚኒያፖሊስ፣ ባይፓስ 11 ዓመት)

እቱ፣ እኔ ነርስ ነኝ፣ ባይፓስም የተሠራሁ ነኝ። ስለዚህ ከሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ። ሐኪምሽ ግን አይደለሁም።

መጀመሪያ፣ ያበላሸሽው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ አንድ በሽታ አድርገሽ የጻፍሽው ነገር ቢያንስ ሦስት ነው። እኔ ለሰው የምለው «ምን በላሁ?» ከማለትሽ በፊት «ከበላሁ ስንት ደቂቃ ሆነኝ?» በይ ነው። ሰዓቱ ብዙ ይናገራል።

የበሶውን እንውሰድ። ባይፓስ ያለው ሰው ጨጓራ አንድ እንቁላል የምታክል ከረጢት ናት፣ ሲሠራ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በሯን ከፍቶ የሚዘጋው ጡንቻ ተዘሏል። ማር ያለበት ፈሳሽ ሲመጣ ምንም ሳይቆይ ትንሹ አንጀት ላይ ዝርግፍ ይላል። በ10፣ በ20፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ልብሽ ቢመታ፣ ሆድሽ ቢጮህ፣ ተቅማጥ ቢያጣድፍሽ፣ ፊትሽ ቢግል፣ ያ የመጀመሪያው ዳምፒንግ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው እሱን ነው፣ በጊዜም ይቀንሳል።

ያንቺ ግን ሁለት ሰዓት ቆይቶ መጣ። ማሩ በአንዴ ደምሽ ውስጥ ገባ፣ ቆሽትሽ ደነገጠና ከሚበቃው በላይ ኢንሱሊን አፈሰሰ። ማሩ ቶሎ አለቀ፣ ኢንሱሊኑ ግን ገና ሥራው ላይ ነው። ስኳርሽ ወደቀ። ይሄ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከኦፕራሲዮኑ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው፤ ለዚህ ነው ሰው ከባይፓሱ ጋር የማያገናኘው። ያቺ ሴትዮ ስኳር ያጠጣችሽ ልክ ነበረች፣ ዓይንሽ ሲጨልም ሌላ ምርጫ የለም። ግን ስኳሩ ብቻውን ከቀረ ያንኑ ዙር እንደገና ያስጀምራል። ሻል ሲልሽ እንቁላል ወይም ኦቾሎኒ ነገር አስከትይ። መኪና ስትነጂ ከመጣብሽ ወዲያው ቁሚ። በዚህ ቀልድ የለም።

ማኪያቶው ሌላ ጉዳይ ነው። ወተትን የሚፈጨው ላክቴዝ በደንብ የሚገኘው በትንሹ አንጀት በላይኛው ክፍል ነው። ያንቺ ምግብ የዚያን መንገድ የተወሰነ ክፍል ዘሎ ነው የሚያልፈው። ድሮም ብዙ ሐበሻ ካደገ በኋላ ወተት በደንብ አይፈጭለትም። ቀድሞ ትንሽ የነበረሽ ነገር አሁን ቀነሰ ማለት ነው። ለ2 ሳምንት ወተት ሙሉ በሙሉ ተዪና እዪው። አይብ ላይስቸግርሽ ይችላል፣ እርጎም እንደዚያው፣ ግን በኋላ ነው የሚሞከረው።

ሽሮው ላይ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ምናልባት ሽሮው ራሱ ነው። ምናልባት ደግሞ ትንሹ አንጀት ውስጥ መብዛት የሌለበት ባክቴሪያ በዝቶ ነው፤ አንጀት ሲዞር ይሄ ያጋጥማል። ባክቴሪያው ያንቺን ሽሮ ካንቺ ቀድሞ ይበላል፣ ጋዙን ላንቺ ይተውልሻል። በትንፋሽ የሚሠራ ምርመራ አለው፣ በአንቲባዮቲክ ይታከማል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ስትበዪ የሚመጣ ሕመም አለ? የት ቦታ? ለራስ ምታት ወይም ለጉልበት የምትወስጂው ክኒን አለ? ቫይታሚኖችሽን ትወስጃለሽ? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም።


እናና (አትላንታ)

ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ 64 ዓመቴ ነው፣ ከተሠራሁ 9 ዓመት ሆነኝ። ሆዴ ሲነፋ ዝንጅብል በሙቅ ውሃ፣ ቡናዬ ላይ ደግሞ ጤና አዳም ጣል አደርጋለሁ። ፌጦም በሎሚ ጥሩ ነው። ቁርጥማት ካስቸገረሽ ኢቡፕሮፌን ከምግብ ጋር ውሰጂ፣ ምንም አይልሽም፣ እኔ ስንት ዓመቴ።


ሌሊት ፈረቃ

እትዬ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ዝንጅብልዎንም ጤና አዳምዎንም አልነካብዎትም። ፌጦው ለአንዳንዱ ያቃጥላል፣ እሱንም ይለፉት። ኢቡፕሮፌኑን ግን በሞቴ ይተዉት። ለባይፓስ ሰው ትልቁ ክልክል እሱ ነው። ከረጢቷ ከአንጀት ጋር የተሰፋችበት ቦታ ላይ ቁስል ያወጣል። ሲጋራም እንደዚያው። የጨጓራ ባክቴሪያ የሚሉት ኤች ፓይሎሪም ይጨመራል፣ እሱ ደግሞ እኛ አገር የማይኖርበት ቤት ጥቂት ነው። «ከምግብ ጋር» መውሰዱ አያድንም፣ ምክንያቱም ክኒኑ ጉዳቱን የሚያደርሰው ደም ውስጥ ከገባ በኋላም ነው። እርስዎ ምንም ያልሆኑት ዕድል ኖሮዎት ነው። ለቁርጥማትዎ ፓራሲታሞል ይሻላል፣ እዚህ ታይሌኖል የሚሉት። መጠኑን ሐኪምዎ ይንገሩዎት።


እናና

አቤት አቤት። 9 ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝ። እሺ ልጄ፣ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ ከመሳቢያው።


ሽሮ ናፋቂ

ተያዝኩ። እትዬ ብቻ አይደሉም። የአረጋውያን ተንከባካቢ ነኝ፣ ሰው አንሥቼ አስቀምጣለሁ፣ ጉልበቴ ያመኛል። በቀን 2 ኢቡፕሮፌን፣ አንዳንዴ 3፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ መሰለኝ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚሸጥ መድኃኒት ነው ብዬ አላሰብኩትም።

ሕመምም አለ። ከደረቴ ሥር፣ ወደ ግራ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስውጥ የሆነ ነገር እንደሚላጨኝ ነው። ውሃም ስጠጣ ይሰማኛል። «በርበሬ ነው» እያልኩ በርበሬ ቀነስኩ። ቫይታሚኑን ከ3ኛው ዓመት በኋላ ተውኩት፣ ደህና ነኝ ብዬ። ይኸው ኑዛዜዬ።


ፍሬ (ነታንያ፣ ባይፓስ 4 ዓመት)

ቫይታሚኑን ስላነሣሽ፣ እኔም አቁሜ ነበር። ቢ12 ጉበት ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት ያኖርሻልና ባቆምሽ ማግስት ምንም አይታወቅሽም። እኔን እግሬን አደነዘዘኝ፣ ነጠላ ጫማዬ ወልቆ ስሄድ አላወቅኩም። አይረኑ፣ ለደም የሚያስፈልገው ብረት፣ ደግሞ በዋናነት የሚገባው አሁን ምግብ በማያልፍበት የአንጀት ክፍል በኩል ነው። እና እኛ አይረን ወስደን ላዩ ላይ ሦስት ሲኒ ቡና እንከልስበታለን፣ ቡናውም ሻዩም ያግዱታል። አሁን አይረኔን ማታ ነው የምወስደው፣ ካልሲየሙን ጠዋት። ካልሲየሙም ሲትሬት የሚለው ነው፣ አሲድ አይፈልግም።

የስኳሩን ግን እኔ የሆንኩትን ልንገርሽ። አርግዤ 26ኛው ሳምንት ላይ የእርግዝና ስኳር ምርመራ ብለው 50 ግራም ስኳር ያለበት ፈሳሽ አጠጡኝ። ባይፓስ እንደሆንኩ ፋይሌ ላይ ተጽፏል፣ ማንም አላየውም። እኔም ጎበዝ፣ አልተናገርኩም። በ20 ደቂቃ ውስጥ ወንበሩን ጨብጬ ነበር፣ ሰዓት አልፎ ደግሞ ወለሉ ላይ ነኝ። ባሌ ዕብራይስጡ ጠፍቶበት በአማርኛ ይጮኻል። በኋላ የመጣችው ሐኪም ይሄ ምርመራ ለእኛ እንደማይሆን፣ በምትኩ ለአንድ ሳምንት ጣት እየወጉ ቤት መለካት እንደሚቻል ነገረችኝ። ልጄ ደህና ነው፣ 2 ዓመቱ። ስኳር እንድትጠጪ ከተነገረሽ ግን መጀመሪያ «ባይፓስ ነኝ» በይ።


ሽሮ ናፋቂ

ባልሽ በአማርኛ ሲጮህ ታየኝ። ስለሳቅኩ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የሳቅኩት ካለቀስኩ በኋላ ነው።


የማይን ወንዝ (ፍራንክፈርት፣ ባይፓስ 8 ዓመት)

የእኔ ከሁላችሁም ይለያል፣ ግን ተቅማጥ ያለበት ይጠቅመዋል።

ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሐሞት ጠጠር ይፈጠራል፣ በእኔም ተፈጠረ። በ2ኛው ዓመት የሐሞት ከረጢቴን አወጡት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ተቅማጥ፣ ቢጫ፣ የሚያቃጥል፣ አጣዳፊ። አዲስ አበባ ለዕረፍት ስሄድ ባሰብኝ። ቀበና ያለችው አክስቴ ገና በር ላይ «አሜባ ነው» አለች። ፋርማሲውም አሜባ ነው አለ። ሦስት ጊዜ ሜትሮኒዳዞል ዋጥኩ። የሰገራ ምርመራው ሦስቴም ንጹሕ ነው፣ ማን ይስማ! አገራችን ላይ ሆድ ካለ አሜባ አለ።

እዚህ ተመልሼ አንዲት ወጣት ሐኪም ሰማችኝ። ሐሞቱ ማከማቻ ስላጣ በቀጥታ እየወረደ ትልቁን አንጀት ያናድደዋል አለችኝ። ኮሌስቲራሚን የሚባል ዱቄት በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ። አሸዋ አሸዋ ይላል። በ4ኛው ቀን ግን ከ6 ዓመት በኋላ ቁርሴን በልቼ ባቡር ተሳፈርኩ። ማስጠንቀቂያው፦ ዱቄቱ ሌላ መድኃኒትንና ቫይታሚንን አብሮ ይጠርጋል፣ ሰዓት ማራራቅ አለባችሁ። ሰገራው ዘይት ዘይት እያለ የሚንሳፈፍበት ሰው ደግሞ የቆሽት ምርመራም ይጠይቅ፣ ያ ሌላ ነገር ነው።


ሌሊት ፈረቃ

ወንድም፣ አክስትህን ሙሉ በሙሉ አትውቀሳት። የእኛ ከረጢት አሲዷ ጥቂት ነው፣ ያልበሰለ ነገር ላይ ያለ ተሐዋስያን በቀላሉ ያልፋል። አገር ቤት ስትሄዱ ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ውሃ ላይ ከሌላው ሰው የበለጠ ተጠንቀቁ። ጥፋቱ ሳይመረመሩ መዋጡ ነው። አንተ ግን ተመርምረህም ዋጥህ።


ሰሚራ የዳላስዋ (ባይፓስ 6 ዓመት)

አጭር ነው የምጽፈው፣ ስጽፈው ሆዴ ይሸበራል።

በልቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ይጠመዘዛል፣ ጀርባዬን ይበሳኛል። ቀጥ ብዬ መቆም አልችልም፣ በአራት እግሬ ስንበረከክ ይቀለኛል። ከዚያ ይለቀኛል። ለወራት እንዲህ ነው። ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። ደሜም ሲቲ ስካኑም ንጹሕ ነው አሉኝ፣ ጋዝ ነው ብለው ሸኙኝ። በሦስተኛው ማስመለስ ተጨመረበት፣ የማስመልሰው ነገር ግን የለም። እህቴ በሩ ላይ ቆማ «የባይፓስ ሰርጅን ሳያያት አንሄድም» አለች። አዩኝ፣ የዚያኑ ሌሊት በካሜራ ገቡ። አንጀቴ ኦፕራሲዮኑ በተወው ክፍተት ውስጥ ሾልኮ ታንቆ ነበር። ሰው ሲከሳ የውስጥ ስቡ ይቀልጣል፣ ክፍተቱም ይሰፋል አሉኝ። ለዚህ ነው ዓመታት ቆይቶ የሚመጣው። በጊዜ ስለደረሱ ምንም አልቆረጡም።

ሽሮ ናፋቂ፣ ያንቺ እንደዚህ አይመስለኝም። ግን እንዲህ የሚጠመዝዝ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ስካኑ ንጹሕ ነው ሲሉሽ አትርኪ።


ሌሊት ፈረቃ

ሰሚራ የጻፈችውን ሁላችሁም ሁለቴ አንብቡት። ጥቁር ሰገራና ደም ማስመለስም እንደዚያው ነው፣ ቀጠሮ አይጠበቅም።


ባለ ምጣድ

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እንጀራ ጋጋሪ ነኝ። ባለቤቴ ነው ስሊቭ። ስለዚህ ወጥ ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ።

እንጀራው መጀመሪያ። የሱቅ እንጀራ ላይ ጤፍ ተጽፎ ስላየሽ ጤፍ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ጀርባውን አንብቢ፣ ስንዴም ገብስም ሩዝም የተቀላቀለበት ሞልቷል። ለአንዳንዱ ስንዴው ነው የሚነፋው። ደግሞ ትኩስ እንጀራ ለእናንተ ሊጥ ነው፣ ተጠቅልሎ ይቆማል። ባሌ ከሚያድር እንጀራ ላይ ጠርዙን ነው የሚበላው፣ ምጣድ ላይ አድርቄለት። ድርቆሽ እንደ ብስኩት እየቆረጠመ በወጥ ነካ ያደርጋል። እናቱ ስታየው አለቀሰች፣ «ልጄን በድርቆሽ ታኖረዋለች» ብላ።

ሽሮ ላይ ደግሞ ሁላችሁም ሽንብራውን ነው የምትከሱት። ሽንብራውም አተሩም ባቄላውም የራሳቸው ጋዝ አላቸው፣ አልክድም። ግን ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን ማን ጠየቀው? ፎድማፕ የሚሉትን፣ ሆድ የሚነፉ ምግቦችን ለመለየት የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያወጣውን አመጋገብ ብታዩ ዋነኛ ተከሳሾቹ እነሱ ናቸው። የሚነፋው ነገር ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይት ውስጥ ግን አይሟሟም። ስለዚህ ፈረንጅ ነጭ ሽንኩርቱን ዘይት ውስጥ ጠብሶ ፍሬውን አውጥቶ ይጥላል፣ ሽታው ይቀርለታል። የእኛ ቁሌት ግን ሽንኩርቱን ቀልጦ እስኪጠፋ ያበስላል እንጂ አያወጣም። ሙሉውን ነው የምንበላው። የሱቅ ሽሮ ውስጥ ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱ አብሮ ተፈጭቷል፣ ብትሸሺውም አታመልጪውም።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ሽንብራውን ብቻ፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ ነጭ ሽንኩርት አስፈጫለሁ፤ ኮረሪማ፣ በሶብላና ትንሽ በርበሬ ይገባበታል። ዘይቱን በሙሉ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት አሽትቼ ፍሬውን አወጣለሁ። በውሃ አቀጥነዋለሁ፣ ቀስ እያለ 40 ደቂቃ ይንተከተካል። ሲወርድ የአረንጓዴ ሽንኩርት ቅጠሉን ብቻ፣ ነጩን ሳይሆን፣ ከትፌ ጣል። የሽሮ ወግ የሚያውቅ ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። ባሌ 4 ማንኪያ በልቶ ተኝቷል። ከመብላቱ በፊት ቢኖ የሚባለውን ክኒንም ይወስዳል፣ የጥራጥሬውን ጋዝ ይቀንስለታል።

ምስር ከሆነ ክኩን ዘፍዝፊና ውሃውን ድፊ። ጎመን በትንሹ። ጥቅል ጎመን ተዪው በቃ።


የጅዳ ሰው

ኮረሪማ ስትዪ እዚህ ድረስ ሸተተኝ።


ሽሮ ናፋቂ (ከ6 ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ሁለት ሰው በውስጥ መስመር «ምን ሆንሽ?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው።

ሪፈር ለማግኘት 3 ሳምንት ፈጀ። አዲሱ ሰርጅን ኢቡፕሮፌን ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ኢንዶስኮፒ፣ በአፍ የሚገባውን የካሜራ ምርመራ፣ ተሠራሁ፤ ልክ ሌሊት ፈረቃ ባለችው ቦታ፣ ስፌቱ ላይ፣ ቁስል አለ። ፎቶውን አሳየኝ፣ ነጭ መሐል ያለው ቀይ ክብ። የኤች ፓይሎሪ ናሙናውም ንጹሕ ሆነ። ኦሜፕራዞሉን ጨመረልኝ፣ ግን ካፕሱሉን ከፍቼ ፍሬዎቹን እንድወስድ፤ ለእኛ ካፕሱሉ ሳይፈታ አልፎ ይሄዳል አለኝ። ሱክራልፌት የሚባል ፈሳሽም አለ፣ ኖራ ኖራ ይላል። ለጉልበቴ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። በ12ኛው ቀን ውሃ ስጠጣ ምንም አልተሰማኝም። ቆሜ ጠበቅኩት፣ ምንም።

ስኳሩን ለማየት ክንድ ላይ የሚለጠፈውን መለኪያ ለ2 ሳምንት አደረጉልኝ። ሆን ብዬ አይደለም፣ ልደት ነበር፣ ኬክ በላሁ። በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ስልኬ ጮኸ፣ ስኳሬ 52 ወርዷል። በሶው ዓይን አልነበረም ማለት ነው። አሁን እንቁላል ወይም ሥጋ ቀድሜ እበላለሁ፣ ዳቦው በኋላ፣ ጣፋጭ ብቻውን በጭራሽ። ካልበቃ አካርቦዝ የሚባል ክኒን አለ ብለውኛል፣ እስካሁን አልጀመርኩም።

ወተቱን ተውኩት፣ ተቅማጡም ተወኝ። አይብ ሞከርኩ፣ ሰላም ነው። አይረኔ ወድቆ ተገኘ፣ በደም ሥር ሊሰጡኝ ነው። የትንፋሹ ምርመራ ቀጠሮ የሚቀጥለው ወር ነው፣ ስለዚህ የሽሮው ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሆድ ውጭ ነው። እናቴ ለ7 ዓመት የማታውቀው ነገር ነበር። ጂም ነው ብያት። እዚህ መጥታ ስትከርም በየማዕዱ ታጎርሰኛለች፣ የእሷ ጉርሻ ደግሞ የጡጫ ያህል ነው። «እኔ ሳጎርስሽ ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ» እያለች ታዝን ነበር። ባለፈው እሑድ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ አንዲት ጤፍ የምታክል ጉርሻ ጠቅልላ፣ «ይቺስ ትገባለች?» አለችኝ።


እናና

እሰይ ልጄ። እኔም ታይሌኖል ላይ ነኝ። ዐቢይ ጾም ላይ ፕሮቲኑ እንዴት ይሆናል ብዬ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ «በሽተኛ ነሽ፣ የታዘዘልሽን ብዪ» አሉኝ። ለሚጨነቅ ሰው ነው የጻፍኩት።


ሌሊት ፈረቃ

እትዬ፣ ይሄንን ብዙ ሰው ሲጠብቀው የነበረ ነው። ሽሮ ናፋቂ፣ ቁስሉ መዳኑን በኢንዶስኮፒ ደግመው ይዩልሽ፣ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ አትቅሪ።


ሽሮ ናፋቂ

እሺ። በነገራችን ላይ ዛሬ ባለ ምጣድ ባለችው መንገድ ሽሮ ሠራሁ። 3 ማንኪያ። እስካሁን ዝም ብሏል።


ሌሊት ፈረቃ

ከበላሽ ስንት ሆነሽ?


ሽሮ ናፋቂ

40 ደቂቃ።


ሌሊት ፈረቃ

ገና ነው። ሁለት ሰዓት ሙዪና ተመለሺ።


የጅዳ ሰው

እኛም አልተኛንም፣ እየጠበቅን ነው።